ጨው የጾመው በቅሎ ነጋዴ

አንድ ደምለው የሚባል በቅሎ ነጋዴ ነበረ። እግሩ እያበጠ ሲያስቸግረው ሚስቱ ጥሩዬ ልጇን አዝላ፣ እሱን እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ መርምሮ ኩላሊቱ መድከሙን ነገረው። ጨው እንዲቀንስ፣ መድኃኒቱንም በየቀኑ እንዲውጥ መክሮት ገባህ ወይ ሲለው፣ ደምለው ጎንበስ ብሎ እሺ አለ። አዋቂ ፊት እሺ ይባላል እንጂ አይጠየቅም ተብሎ ያደገ ሰው ነው።

መንገድ ላይ ጥሩዬ እስከ መቼ ነው ብትለው፣ ይሄማ ጾም ነው፣ ጾም ደግሞ መፍቻ አለው ብሎ አፏን አስያዛት። ጊዜውም ዐቢይ ጾም ነበርና ከዚያው ጋር ያዘው። ጨው የሌለው ሽሮ በቀረበለት ቁጥር እንደ ሰማዕት ዓይኑን ወደ ጣሪያ ይሰቅላል። ቢሆንም እብጠቱ ጎደለ፣ እሷም እፎይ አለች።

ፋሲካ ሲደርስ ደምለው ከዶሮው ጋር ጨውንም ፈታ። ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱንም ተወው። ብዙም ሳይቆይ እግሩ ጫማ አልገባ አለ፣ ትንፋሹም አጠረ። ጥሩዬ ልጄ ያለ አባት ሊቀር ነው እያለች እንቅልፍ አጣች።

እሱ ግን የንስሐ አባቱን መምሬ ልሳኑን አስጠርቶ፣ ጨው መጾሙ ይቅርልኝና በምትኩ ስግደት ይዘዙልኝ ብሎ ለመናቸው። መቆም ያቃተው ሰው! መምሬ ያበጠውን እግር አዩና፣

«ልጄ፣ አንተን እግዚአብሔር ይፍታህ እልሃለሁ። ኩላሊትህ ግን የንስሐ ልጄ አይደለም» አሉት።

ለመሆኑ ሐኪሙ እስከ መቼ አለህ ቢሉት፣ እሱንስ አልጠየቅሁም አለ። ጥሩዬ በካህን ፊት አልናገር ብላ ነበር፤ አልቻለችም።

«አባቴ፣ በቅሎ ሲገዛ የእናቷን ጠባይ ሳይቀር ይጠይቃል። ለራሱ ኩላሊት ሲሆን እሺ ብሎ መጣ።»

መምሬ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ነገ ዛሬ ሳትል ሂድና ጠይቅ ብለውም አዘዙት።

ሐኪሙ ሲጠየቅ ጊዜ፣ «የደከመው እንደ ድሮው አይመለስም። ይሄ ሁሉ የቀረው እንዳይደክም ነው። ደህና ነኝ ብለህ አታቆምም፤ ይሄ ፋሲካ የለውም» አለው።

ደምለው አንዴ አፉ ከተከፈተ ወዲያ ማን ያቁመው። ከበርበሬው ጋር የተፈጨውስ ጨው? መድኃኒቱን ረስቼ ባድርስ? ሐኪሙ ሁሉንም ከመለሰ በኋላ በል አሁን አንተ መልሰህ ንገረኝ አለው። ደምለው መጀመሪያ አዘባረቀው፣ ሐኪሙ አቃናለት፣ እንደገና አለውና ያዘው። ደጅ ወረፋ የያዙት አጉረመረሙ፤ ጥሩዬ እነሱን አልሰማችም። ባሏ ሲናገር እየሰማች ነበር።

ወገኖቼ፣ እሺ ማለት ትሕትና ነው። ሳይገባን እሺ ስንል ግን የምናታልለው ሐኪሙን ሳይሆን ገላችንን ነው። እስቲ እናንተ፣ ባለፈው ከሐኪም ቤት ስትወጡ የተባላችሁትን ለቤታችሁ ሰው መልሳችሁ መናገር ትችሉ ነበር?