የአህያ ጀርባ የቆጠረው አጥር

አንድ ጊዜ አህያ፣ ፍየልና በግ ከአንድ ኮረብታ ሥር ጎረቤት ሆኑ። ለየብቻቸው የሚያድሩበትን በረት መሬት ጭረው ቀየሱ። የእያንዳንዱ ርዝመት ሦስት እርምጃ፣ ወርዱ ሁለት እርምጃ ነው። ለአንድ እርምጃ አጥር አንድ ሸክም እሾህ ይፈጃል። የሚሸከመው ማን መሰላችሁ? አህያ ናታ!

አያ ጅቦ ኮረብታው ላይ ተጋድሞ ይቆጥራል። ሆድ የማያስተምረው የለም። «የአንዱ ዙሪያ አሥር፣ የሦስቱ ሠላሳ» አለ። እሾሁ ግን በአሥራ ስምንተኛው ሸክም ከአካባቢው አለቀ። «አሥራ ሁለት ጎደላቸው! እንግዲህ ፀሐይ ጥልቅ ስትል ቀዳዳ ማማረጥ ነው» ብሎ ምራቁን ዋጠ።

ከታች ፍየል ይህን ሰምታ ትንቀጠቀጣለች። «እኔስ ቀንድ አለኝ፤ የማዝነው ለበግ ነው።»

«ታዲያ ቀንድሽ ምን ሆኖ ይንቀጠቀጣል?» አላት በግ።

በዚህ መሀል ቀበሮ መጣች። ጭረቱን አየችና «እመት አህያ፣ በአንቺና በፍየል መሀል የሚቆመው እሾህ ማንን ከማን ይጠብቃል? ፍየል ትበላሻለች?» አለቻት።

«እኔን ምን በወጣት! ሣሬን ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ረጅሙን ጎን ከረጅሙ ጎን ግጠሙት።»

ገጥመው ጫሩት። አህያ ዙሪያውን በእርምጃ ለካች። አሥራ አራት! ግራ ገብቷት ደግማ ዞረች። ያው አሥራ አራት።

«ሃያ አልነበረም እንዴ? ስድስቱ የት ገባ?»

«ሦስቱ ካንቺ ጎን፣ ሦስቱ ከፍየል ጎን። ሲገጥሙ ውስጥ ቀሩ፤ እሾህ አይፈልጉም» አለች ቀበሮ።

የበግን ጨመሩ፤ አሥራ ስምንት። የአህያ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። «አሥር፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስምንት... አንድ በረት በተጠጋ ቁጥር የሚጨምረው አራት ብቻ ነው! በአጭሩ ጎን ብንገጥመውስ?» ያንንም ዞረችው። አሥር፣ አሥራ ስድስት፣ ሃያ ሁለት። «ይኼ በስድስት በስድስት ነው የሚሄደው። ጀርባዬ አልወደደውም» አለች።

በረጅሙ አጠሩት፤ እሾሁ ልክ በቃ።

«ለእኔስ?» አለች ቀበሮ።

«ላንቺ ሳልዞርም አውቀዋለሁ፤ አራት ሸክም። ግን ከየት ይመጣል?»

ቀበሮ ፈገግ ብላ ኮረብታውን ወጣች። «አያ ጅቦ፣ ከእነአህያ ጎን አንድ በረት ልንጨምር ነው። አራት ሸክም እሾህ ብታመጣ ይበቃል።»

«ከእነአህያ ጎን? በአራት ሸክም ብቻ?» ጅቦ ማን በረቱ ውስጥ እንደሚገባ እንኳ አልጠየቀም። የገዛ ጎሬውን እሾህ ነቃቅሎ፣ አፉ እየደማ፣ እየጎተተ አመጣው። በበጉ በረት ዳር የነበረውን እሾህ ሁለት እርምጃ ገፋ አደረጉት። ቀበሮ ውስጥ ሆና «አቀብለኝ» ትላለች፣ እሱ ያቀብላል። አራተኛውን ተቀብላ ቀዳዳውን ደፈነችው።

«እኔስ?»

«አንተማ ቆጣሪያችን ነህ፤ ዙሪያውን ቁጠርልን።»

ጅቦ ቀዳዳ ፍለጋ ዞረ። ሃያ ሁለት እርምጃ እሾህ። እንደገና ዞረ። ሃያ ሁለት። «አራት በረት እኮ አርባ ነው! አሥራ ስምንት እርምጃ ቀዳዳ መኖር አለበት!» እያለ ይኸው እስካሁን ይዞራል።

ከዚህ የምንማረው፣ ጎን ለጎን ለተጠጉ ወዳጆች ጥቂት እሾህ እንደሚበቃና በሆዱ የሚቆጥር ግን ቁጥሩ ትክክል የመሰለው ዕለት እንኳ ከአጥሩ ውጭ እንደሚቀር ነው።