ጨዋ የተደረገው ጅብ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ሥዕል ነው። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ተረት በቃል ስነግራቸው በሳቅ የሚንከተከቱ ልጆች፣ ያንኑ ተረት በሥዕል አድርጌ ሳስነብባቸው ለምን ያዛጋሉ?» ነው ያልሽኝ። አርባ ዓመት ካስተማርኩ በኋላ የቀረኝ ቁጣ እንጂ ትዕግሥት አይደለምና አላባብልሽም። ተቀመጪና የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ሰውየው እጁ የተባረከ ነበር። ሁለት መስመር ጣል አድርጎ ፍየል ሲሠራ፣ ፍየሏ አሁን የምትጮህ ይመስልሻል። እንጀራው የሱቅ ስምና የመኪና ላይ ጽሑፍ ነው፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ፊደል ቆጥረው ገና ማንበብ ላልደፈሩ ልጆች፣ እየሳቁ የሚያነቡት መጽሐፍ መሥራት ይፈልጋል። ታሪኩን ሥዕሉ ራሱ ከሣጥን ወደ ሣጥን ይዞት የሚሄድ፣ ንግግሩ ከእንስሳቱ አፍ ወጥቶ በክብ መስመር ውስጥ የተጻፈ፣ በአንድ ገጽ ከአምስት ስድስት ቃል የማይበልጥ።

የሚሆነውን ተረት ያገኘው ለቅሶ ቤት ነው። ጎረቤቱ ሞቶ፣ በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ወይዘሮ አስናቁ የሚባሉ ሰሌን ሠሪ ሴት ሐዘንተኛውን ለማስረሳት ብለው ጀመሩ።

አህያ ሞተ አሉ። አያ ጅቦ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ «ወየው ወንድሜን!» እያለ ለቅሶ ደረሰ። ዓይኑ ደረቅ ነው፤ ምራቁ ግን እስከ ደረቱ ይወርዳል። «እባካችሁ፣ ብቻዬን ልሰናበተው» ብሎ ሬሳው ካለበት ክፍል ገባ። ቆየት ብሎ ወጣና አፉን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ፣ «እንዴት ያለ ጣፋጭ ሰው ነበር!» አለ። ሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ቢያነሡት እንደ ላባ ቀለላቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አያ ጅቦም «አትደነቁ፤ የጻድቅ ሬሳ ይቀላል» አላቸው። ቀብረው ተመለሱ፤ ምሳ ቀረበ። አያ ጅቦ «ሐዘኑ ጉሮሮዬን ዘጋው፤ እህል አይወርድልኝም» አለ። ይሄኔ ጦጢት ከጣራው ጫፍ ላይ ሆና ጮኸች፦ «ጎበዝ! ጅብ ምሳ እምቢ ካለ መቃብሩን ቆፍሩ!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። የሟች ሚስት እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሠዓሊው እዚያው በተቀመጠበት፣ የጅቡን ምራቅ በየት በኩል እንደሚያወርደው በልቡ ይሥል ነበር።

በማግሥቱ ቤታቸው ሄደ። «እማማ፣ ያንን ተረት መጽሐፍ ላድርገው?» አላቸው።

«አድርገው፤ ግን ሲያልቅ ማንም እንዲያነብልኝ አልፈልግም» አሉት። «በገዛ ዓይኔ ነው የማየው።»

ልብ በዪ፣ ወይዘሮ አስናቁ ያን ጊዜ ፊደል አያውቁም። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ቃላቸው ቃል ሆኖ የጎልማሶች ትምህርት ገቡ። ሠርክ ላይ ከሰሌናቸው ተነሥተው ይሄዱና በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ። ሰሌን የሰነጣጠቀው ጣታቸው እርሳሱን እንደ ወስፌ ይጨብጠዋል። «ሀ»ን ከ«ሐ»፣ «ጸ»ን ከ«ፀ» እያምታቱ፣ ወጣቶቹ ሲስቁባቸው አብረው እየሳቁ፣ ሁለት ዓመት ተማሩ። ለአንድ መጽሐፍ ብለው።

ሠዓሊው በበኩሉ ሥዕሉን ጨርሶ ለሚያሳትሙት ሰዎች ወሰደ። እነሱም ኮሚቴ አቆሙ። ኮሚቴ ምን እንደሆነ እኔ ላንቺ አልነግርሽም።

ሰብሳቢው ብዙ የተማረ ሰው ነው። ሥዕሎቹን ሲያገላብጥ ሁለት ጊዜ ሳቅ አመለጠው፤ ሁለቱንም ጊዜ በሳል ሸፈነው። ሠዓሊው ይህን በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አወጣ። «ለቅሶ የተከበረ ባህላችን ነው፤ መሳለቂያ አይሆንም» አለ። ስለዚህ አህያው አይሙት፤ ይታመም ተባለ። ሠዓሊው ግማሽ ቀን ተከራከረ፤ በመጨረሻ እሺ አለ። በሌላው ስብሰባ ምራቁ ያስጸይፋል ተባለ። ሠዓሊው «አንዲት ጠብታ ምራቅ ናት፤ መጽሐፉ ከሚቀር ምራቁ ይቅር» ብሎ ራሱን አጽናና፤ በላጲስ ጠረገው። ቀጥሎ ነጠላ የለበሰ ጅብ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎችን ይመስላል ተባለ፤ ነጠላውን ገፈፈው። ጥርሱ ሕፃናትን ያስፈራል ተባለ፤ አፉን ዘጋው። ጦጢት ሽማግሌ ፊት መጮኋ ብልግና ነው ተባለ፤ ከጣራው አወረዳት። ከሁሉ በኋላ ደግሞ አንዷ አባል፣ «ጅቡ ለምን አርአያ አይሆንም? ለታመመው አህያ ማር ይዞለት ቢመጣስ?» አለች። ሁሉም አጨበጨቡ።

ሠዓሊው ማሩን ሣለው። እጁ የተባረከ ነው ብዬሽ የለም? የማሩ እንስራ በጣም አምሮ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ስሙ ሽፋኑ ላይ ታትሞ ሲያይ ደስ አለው። ውስጡን አልገለጠም። ወይዘሮ አስናቁ መንገድ ላይ ሲያገኙት «ደረሰ ወይ፣ ልጄ?» ይሉታል። «እየደረሰ ነው፣ እማማ» ይላል፤ ዓይናቸውን ሳያይ። የሆነውን አልነገራቸውም።

መጽሐፉ የሚመረቅበት ቀን ደረሰና በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሰው ተሰበሰበ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ሣሩ ላይ፣ ኮሚቴው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጥቁር ሰሌዳ ወደ ውጭ ወጥቶ በባለ ቀለም ጠመኔ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተጽፎበታል። ሰብሳቢው ረጅም ንግግር አደረገ። በመጨረሻም «መጽሐፉ ለማንኛውም ጀማሪ አንባቢ የሚመጥን መሆኑን እንድታዩ፣ የተረቱ ባለቤት ራሳቸው ያነቡልናል» አለ። ሠዓሊው ይህን አልጠበቀም።

ወይዘሮ አስናቁ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጥተዋል። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ሳሙት። ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አኖሩ።

«አ... ህ... ያ። አህያ። ታ... መ... መ።»

ቆም አሉ። ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው ገጹን ገለጡ።

«አያ ጅቦ... ማ... ር... ይዞ መጣ።»

ጣታቸው ወደ ኋላ ተመለሰ። ቃሉን እንደ አዲስ አነበቡት፤ ያው ነው። መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ አራቁ። ፊታቸው ላይ የወጣው ሐፍረት ነበር፣ የገዛ ራሳቸው ሐፍረት። ሠዓሊውን በዓይናቸው ፈልገው አገኙትና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ፊደል ስቼ ነው?» አሉት።

ሠዓሊው አዎን ቢል ይተርፋል፤ ሴትዮዋ ይስቃሉ፣ ሰው ይስቃል፣ ቀኑ ያልፋል። «አልሳቱም፣ እማማ» አለ። «እንደዚያው ነው የተጻፈው።»

ወይዘሮ አስናቁ መጽሐፉን ዘጉት።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?»

ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣ «እናታችን፣ ለሕፃናት አእምሮ ተመጥኖ ነው» አለ።

«ለሕፃናት? እስኪ እያቸው!» ልጆቹ ሣር ይነጫሉ፤ አንዷ ጓደኛዋ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። «እኔ ይህን ተረት ከእናቴ አፍ የሰማሁት እህል በጠፋበት ዘመን ነው። ስድስት ልጆች ነበርን፤ ሆዳችን ባዶ ሆኖ እየሳቅን እንተኛ ነበር። የሳቅነው ጅቡ ስለራበው ነው፤ እኛም ርቦን ነበርና ዐወቅነው! ይህን ጥጋበኛ ከነማሩ ማን ያውቀዋል? ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ያፈሰስኩት የናንተን ጨዋነት ላነብ ነው?»

ከዚያ ወደ ሠዓሊው ዞሩ። «እነሱስ አያውቁኝም። አንተ ግን ድንኳኑ ውስጥ ነበርክ፤ ስትስቅ አይቼሃለሁ» አሉት።

ይህችን ሊሸከማት አልቻለም። ደሙ ወደ ራሱ ወጣ። የተቆጣው በሴትዮዋ አልነበረም፤ በኮሚቴውም ብቻ አልነበረም። ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን በኮቱ እጅጌ ጠረገው። ሰብሳቢው «ምን እያደረግክ ነው? እንግዶች አሉ!» ብሎ ጮኸ። ሠዓሊው ዘወር ብሎ አላየውም። ጠመኔውን አንሥቶ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ጅብ ሣለ። ከዚያ ምራቁን አወረደው። ከአገጩ እስከ ደረቱ፣ ከደረቱ እስከ ሰሌዳው ግርጌ።

ሣር የሚነጨው ልጅ ሣሩን ጣለ።

«ይንገሩ፣ እማማ» አለ ሠዓሊው።

እሳቸው ነገሩ፤ እሱ ሣለ። ጅቡ አፉን እየጠረገ ሲወጣ ከአፉ አጠገብ ክብ መስመር አደረገና ቃሉን በትልልቅ ፊደል ጻፈበት። ማንም አንብቡ አላላቸውም። ከፊት ያለችው ልጅ ብድግ ብላ፣ «እን... ዴት... ያለ... ጣ... ፋጭ...» ማለት ጀመረች፤ ሌሎቹ ሊቀድሟት ተንጋጉ፤ ግቢው በሙሉ «ጣፋጭ ሰው ነበር!» ብሎ ጮኸ። የተኛችው ነቅታ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ትላለች። ጦጢት ጣራው ላይ ስትወጣ ደግሞ ልጆቹ ፊደሉ ተጽፎ እስኪያልቅ አልጠበቁም።

በሦስተኛው ሥዕል ላይ ሰብሳቢው ሳቅ አመለጠውና እንደ ልማዱ በሳል ሊሸፍነው ሞከረ። ያን ጊዜ ግን ሁሉም ሰው አየው።

ነገሩ ያማረ መጨረሻ አለው ብለሽ አትጠብቂ። በማግሥቱ ሰሌዳው ተጠረገ። ሠዓሊውን እነዚያ ሰዎች ዳግመኛ አልጠሩትም። ባለ ማሩ መጽሐፍ በሦስት ሺህ ቅጂ በየትምህርት ቤቱ ተበተነ፤ ዛሬም ሄደሽ ብታዪው ንጹሕ ነው፤ ቅጠሉ አልተጨማደደም። ሠዓሊው የድሮ ሥዕሉን ፈልጎ ቤቱን አገላበጠ፤ ግን የጠረገው እዚያው ወረቀት ላይ፣ በገዛ ላጲሱ ነው። እንደ አዲስ ሣለው። አርባ ቅጂ ብቻ አባዝቶ፣ ወይዘሮ አስናቁ ጥራዙን ሰፉለት። አርባዎቹ በአንድ መንፈቅ ውስጥ ተበጫጨቁ፤ ሽፋናቸው ሄደ፤ የልጅ ጣት ጠረጋቸው። የመጀመሪያዋን ወይዘሮ አስናቁ ራሳቸው አነበቧት፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ማንንም ሳይጠይቁ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ዓይንሽን አትስበሪ፤ ቀና በዪ። የሰጠሽኝን ረቂቅ አንብቤዋለሁ። ቀበሮዋ የገበሬውን ሱሪ ለብሳ፣ ድምፁን አስመስላ ዶሮ ስለሰረቀችበት ተረት ነው። አምና በመምህራን ክፍል እኔ ስነግርሽ እንባሽ እስኪወርድ የሳቅሽበት ነው። በመጽሐፍሽ ውስጥ ግን ቀበሮዋ በር አንኳኩታ እንቁላል ትለምናለች፤ ሲሰጧትም ታመሰግናለች። ሱሪውም የለም። ለመሆኑ ማን አስገደደሽ? ሠዓሊውን ኮሚቴ ነው የተጫነው፤ አንቺ ግን ኮሚቴው እስኪመጣ እንኳ አልጠበቅሽም፤ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በገዛ እጅሽ ጠረግሽው።

ልጆቹ ንባብ አልጠሉም። ፊደሉን በላብ ቆጥረው፣ ቃሉን በስንት መከራ ገጣጥመው ሲደርሱ የሚያገኙት ነገር የለም፤ ያዛጋሉ፣ ደግ አደረጉ። ልጅ ገጽ የሚገልጠው ሌባው ይያዛል ወይስ ያመልጣል የሚለውን ለማየት እንጂ የእኛን ጨዋነት ለማየት አይደለም።

በይ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ዶሮዋን ለቀበሮዋ መልሺላት።