ባለ ጓጉንቸሩ በርሜል

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ። ይህ በሆነበት አገር ላምም የለም፣ በረትም የለም። የግመል በረት በሉኝና ልቀጥል።

ድሮ፣ አራዊትም ዕቃዎችም አፍ አውጥተው ይናገሩ በነበረበት ዘመን፣ አቶ ጥላዬ የሚባሉ የመጋዘን ሹም ነበሩ። ድሮ ስላችሁ በጣም ድሮ አይደለም፤ ቦቴ መኪና ነበረ። አቶ ጥላዬ ከደጋ ወደ በረሃ ተዛወሩና ሚስታቸውን ብርዛፍን፣ ልጃቸውን እናናን፣ አንድ ትልቅ በርሜልና ልክ የሌለው እውቀታቸውን ጭነው ከአንዲት ሩቅ ከተማ ገቡ። ውሃ የሚያመጣው ቦቴ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። እስከዚያ የሚጠጣው በርሜል ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

በዚያች ከተማ በየደጁ የድንጋይ ገንዳ አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እያንዳንዱ ቤት ሁለት ጣሳ ውሃ ገንዳው ውስጥ ያፈሳል። የዱር አራዊት መጥተው ይጠጡና ይሄዳሉ፤ ቤት አይነኩም። ጎረቤታቸው አሲያ የተባለች ግመል አርቢ ይህን ወግ አስረዳቻቸው። አቶ ጥላዬ ከትከት ብለው ሳቁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ፊርማ አንድ ሚስማር ያላወጡ ሰው ለዝንጀሮ ውሃ ሊያድሉ! ደጃቸው ያለውን ገንዳ ገለበጡና ተቀመጡበት። ከዚያ ድንጋይ ደርድረው በርሜሉን ላዩ ላይ አቆሙትና በዚያው ዕለት ከመጣው ቦቴ አስሞሉት፤ ክዳኑን በጓጉንቸር ቆለፉና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ።

ጓጉንቸሩም ደረቱን ነፍቶ «እኔ እያለሁ ማን ወንድ ነው የሚነካን?» አለ።

ሦስት ቀን አራዊቱ የተገለበጠውን ገንዳ እያሸተቱ ተመለሱ። ብርዛፍ፣ ሁለት ጣሳ ሰጥተን በሰላም ብንኖርስ አለች። አቶ ጥላዬ ሰላም ከቁልፍ እንጂ ከጣሳ እንደማይገኝ አስረዷት።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ቀበሮ መጣች። ጅራቷን ሰብስባ እጅ ነሣች።

«ጌታው፣ እንደምን አደሩ? ገንዳው ተገልብጦ ብናየው ሰው ታሞ ይሆናል ብለን ልንጠይቅ ነው» አለች።

አቶ ጥላዬ መልሱን በድንጋይ ሰጡ። ድንጋዩ ቀበሮዋን ስቶ የራሳቸውን መስኮት አገኘ። ጓጉንቸሩ «እኔ እያለሁ ማን ወንድ ነው!» አለ።

እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌ ዝንጀሮ ሦስት ሚስቶቹን አስከትሎ መጣ። እሱ ድርድር ይወዳል። ሁለት ጣሳ ቢከብዳችሁ አንድ ይበቃናል፤ እሱም ከበዛ ልጅቷ ፊቷን የታጠበችበትን እጣቢ ስጡን አለ። እናና እጣቢውን ይዛ ብድግ ስትል አባቷ ነጠቋትና አሸዋ ላይ ደፉት። ማንም ሳይጠጣው ቀረ፤ አቶ ጥላዬ ይህን ቁጠባ ይሉታል። ዝንጀሮው እርጥቡን አሸዋ አይቶ፣ አቶ ጥላዬን አይቶ፣ ሚስቶቹን ሰብስቦ ሄደ። ጓጉንቸሩ አሁንም «እኔ እያለሁ ማን ወንድ ነው!» አለ።

አመሻሽ ላይ ከርከሮ መጣ። ከርከሮ ወሬ አይወድም። ሰላምታ አልሰጠም፣ አልተደራደረም፣ ጓጉንቸሩንም ቀና ብሎ አላየውም። በርሜሉ ከቆመበት ድንጋይ ሥር አፍንጫውን ቀብሮ ይቆፍር ጀመር።

በርሜሉ ጨነቀው። «አቶ ጥላዬ፣ ኧረ እግሬ ከዳኝ» አለ።

አቶ ጥላዬ ከቤት ሳይወጡ «ቁልፉ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ በጣም ደህና ነኝ» አለ ጓጉንቸሩ።

በርሜሉ ወደቀ። ከግርጌው ያለው ቧንቧ ተሰበረና ውሃው ሁሉ ፈሰሰ። ከርከሮ ጥቂት ቀመሰ፤ የቀረውን አሸዋው ጠጣው። አቶ ጥላዬ ሲደርሱ ያገኙት በሚገባ የተቆለፈ ባዶ በርሜል ነው። ቦቴው ሊመጣ አሥራ አንድ ቀን ይቀረዋል። እናና ጠማኝ አለች። አቶ ጥላዬ መጀመሪያ አፈሩ፣ ከዚያ ፈሩ።

ሚስትና ልጃቸውን ይዘው አሲያ ደጅ ሄዱ። አሲያ ብርዛፍንና እናናን ወደ ቤት አስገብታ እስኪረኩ አጠጣቻቸው፤ ቦቴው እስኪመጣም እዚሁ ትጠጣላችሁ አለቻቸው። አቶ ጥላዬም ጣሳቸውን ዘረጉ።

«የእርስዎማ ገንዳው ላይ ነው» አለች አሲያ። «አሁን ማፍሰሴ ነው። ተራዎን ይጠብቁ።»

ገንዳው ጋ ቀበሮ፣ ዝንጀሮው ከነሚስቶቹ፣ አፍንጫው ገና ጭቃ የሆነው ከርከሮ ተሰልፈዋል። አቶ ጥላዬ ቁልፉን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከኋላ ቆሙ። ቀበሮዋ ዞር አለች።

«ጌታው፣ እንደምን አመሹ? ሰው ታሞ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞራ «እንግዳ ናቸው፣ አሳልፏቸው» አለች።

አሳለፏቸው። አቶ ጥላዬ ተንበርክከው ጠጡ፤ እያለቀሱም ነበር። ሲመለሱ የሚያፈሱበት ጠብታ ባይኖራቸውም ገንዳቸውን አቃኑት። ቦቴው የመጣ ዕለት የመጀመሪያው ሁለት ጣሳ እዚያ ገባ።

ጓጉንቸሩ ግን እስከ ዛሬ «እኔን ማን ከፈተኝ?» እያለ ይኮራል። እውነቱን ነው፤ ማንም አልከፈተውም።

እንግዲህ የምትቆልፉ ሁሉ ስሙ። የጠማው ከቁልፍ ጋር አይታገልም፤ ከሥር ነው የሚቆፍረው። ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ግን ይቅርባችሁ፣ ሁለት ጣሳ ውሃ ይበቃኛል።