ጥርስ የሌለው ውሻ ጥቅም

ዶክተር ልሳነወርቅ የከተማውን የቤት እንስሳት ጤና፣ ምቾትና ጥቅም እንዲያጠኑ የተሾሙ ሰው ነበሩ። ገና ሥራ ሲጀምሩ፣ የሚጠቅም ውሻ ይከተባል፣ የማይጠቅም ይወገዳል ብለው አወጁ። ነዋሪውም ውሻ ውሻውን እየሳበ አዳራሽ ገባ።

ተራው ጥጥ ፈትላ ከምታድር አንዲት ባልቴት ደረሰ። ውሻዋ ጥርሱ ረግፏል፤ አንድ እግሩንም ያነክሳል። እንዳይወስዱባት ፈርታ ገመዱን እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማዋለች።

«ሌባ ይይዛል?» አሏት ዶክተሩ።

«በምኑ ይያዝ ጌታዬ? ጥርስ እንኳ የለው።»

«ይጮኻል?»

«ድሮ ይጮኽ ነበር፤ አሁንስ ሰልችቶታል።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ቤት ስገባ ይነሳልኛል።»

ዶክተሩ ወደ ጸሐፊዎቻቸው ዞረው ሳቁ። «ስሚ እማማ፣ መነሳት ደግሞ ምን ጥቅም አለው? ይህን ካስረዳሽኝ ይከተብልሻል፤ ካቃተሽ ገመዱን አስረክቢ።»

ባልቴቷ አዳራሹን ቃኘች። «እርስዎ ሲገቡ ይህ ሁሉ ሰው ብድግ ይላል፤ የሚነሳው ግን ለወንበርዎ ነው» አለች። «እኔ ወንበር የለኝም፤ ይህ ግን እያነከሰም ይነሳልኛል። ጥቅሙ ወንበሩን የለቀቁ ዕለት ይገባዎታል።»

ዶክተሩ መዝገቡ ላይ አቀረቀሩና፣ «ክተቡት» አሉ።