ባዶ የቀረው የዜማ መስመር

በፈረንሳይ አገር አንድ ባላባት ነበረ። ዘመኑ የፈረንጅ መኳንንት በትከሻቸው ላይ መስቀል እያሰፉ ኢየሩሳሌምን ለመያዝ የሚዘምቱበት ዘመን ነው።

አመለወርቅ ልጄ፣ የኔታ ጥያቄዬን ትተው የፈረንጅ ወሬ ጀመሩ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን መጥተው የሟቹ ባልሽን የክንፈሚካኤልን የበገና መዝሙሮች አስተምሪን ብለውሻል። ግጥሙ በእሱ እጅ ጽሑፍ ደብተሩ ላይ አለ፤ ዜማው ግን ያለው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው። «የኔታ፣ ያበላሹብኛል። ከሚያበላሹት ከእኔ ጋር ቢቀበር አይሻልም?» አልሽኝ። መልሱን የሰማሁት ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በሄድኩ ጊዜ ነው። እግሬ አብጦ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ የፈረንጅ መነኩሴ አጠገቤ ተቀመጠና በአስተርጓሚ አጫወተኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ያን ጊዜ ኩሩ ነበርኩ። አሁን እንዲያው ዝም ብለሽ ስሚኝ።

ባላባቱ ከትልቅ ቤት የተወለደ ነው። የሚኖረው በድንጋይ ግንብ ውስጥ ነው፤ ወፍጮውም፣ ወንዙም፣ ደኑም የእሱ ነበር። በዚያ አገር ለመኳንንቱ ጦር መስበቅና ፈረስ መጋለብ ብቻ አይበቃም። ግጥም መግጠምና ዜማ ማውጣትም የጨዋ ልጅ ሙያ ነበር። ዘፈን ነው እንጂ መዝሙር አይደለም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና እኔም በደስታ ነው የሰማሁት። ጌታው ዘፈኑን ይሠራና ለአዝማሪው ያስጠናዋል፤ አዝማሪው ከግንብ ግንብ እየዞረ የጌታውን ስም ያስጠራል።

ሕዝቡ ደግሞ ሌላ ልማድ ነበረው። አንድ ዜማ ደስ ካለው ቃሉን አውጥቶ ይጥልና የራሱን ቃል ያስገባበታል። ባላባቱ አንድ ጊዜ ስለ ፍቅር እጅግ የተራቀቀ ዘፈን ሠራ። ወር ሳይሞላ ልብስ አጣቢዎቹ በዚያው ዜማ ስለ አጥቢያቸው ቄስ ዝይ መዝፈን ጀመሩ። ዝይዋ ቄሱን ከኋላ ነክሳቸው ኖሯል። አገር ሳቀ፣ እሱ ግን ደሙ ፈላ። «ከእንግዲህ የእኔን ዜማ ልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ የዘፈነ ከምድሬ ይወጣል!» ብሎ አሳወጀ። እኔ ብሆን ዝይዋን አስመጥቼ አያት ነበር።

የዘመቻው ጊዜ ደረሰ። ባላባቱ ካገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳታል። ለእሷ መሰናበቻ አንድ ዘፈን ሠራ። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ለአዝማሪ አልሰጠውም፤ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ለእሷ ብቻ አስጠናት። ከዚያ ጸሐፊውን ጠርቶ ቃሉን በብራና አስጻፈ። እኛ ድጓው ላይ ምልክት እንደምናደርግ ሁሉ እነሱም ከቃሉ በላይ መስመር አስምረው ዜማውን በነጥብ ይጽፋሉ። ባላባቱ ግን ሌባ ፈራ። «መስመሩን አስምር፣ ነጥቡን ተወው። ስመለስ አዜምልህና ትሞላዋለህ» አለው። ሚስቱንም እስኪመለስ ድረስ ዜማው ከአፏ እንዳይወጣ አስማላትና ፈረሱ ላይ ወጣ። እሷ ግንቡ ላይ ቆማ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ አየችው።

ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ሁለቱን ዓመት ሲዋጋ፣ ሰባቱን በምርኮ ነበር። ንዳድ ተመላለሰበት፣ ጥርሱ ረገፈ፣ ጸጉሩ ነጣ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በአራተኛው ዓመት በደረት በሽታ ሞታ ነበር።

አልቅሶ ሲበቃው ብራናውን አስመጣ። ቃሉ አለ። በላዩ የተሰመረው ቀይ መስመር ባዶውን ተዘርግቷል። ሊያዜም አፉን ከፈተ፤ መግቢያው መጣለት፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ደግሞ ጀመረ፣ ደግሞ ጠፋበት። በምርኮ አገር ሲሰማው የኖረው ዜማ እየገባ ያምታታዋል። «ፊቷን አልረሳሁም። ድምፅዋ ግን ያለው በዚህ ዜማ ውስጥ ነው፤ እሱን ካጣሁ እሷን ሁለተኛ ቀበርኳት» ይል ነበር። ለሚያገኝለት ምርጥ ፈረሱን ሊሰጥ ቃል ገብቶ አዝማሪዎችን ሰበሰበ። እያንዳንዱ የየራሱን ፈጥሮ አመጣ፤ ከመካከላቸው የሚያምርም አልጠፋ። እሱ ግን ራሱን እየነቀነቀ ሁሉንም መለሳቸው። ከአጣቢዎች የሸሸገውን ከራሱም ሸሽጎት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በወንዙ ዳር ሲያልፍ አንዲት ሴት ልብስ እየወቃች ትዘፍናለች። ዘፈኑ ስለ ሰነፍ ባል ነው፤ ድስቱ ከምድጃ ካልወረደ ከእንቅልፉ አይነሣም የሚል። ባላባቱ ልጓሙን ያዘ። ዜማው የእሱ ዜማ ነበር። ከፈረሱ ዘሎ ወረደ፤ ሴትዮዋም ስታየው እግሩ ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ ይማሩኝ! አዋጁ ጠፍቶኝ አይደለም። ያስተማሩን እመቤቴ ናቸው።»

«እሷማ ምላልኛለች!»

«ምለዋል፣ ስላፈረሱትም አልቅሰዋል። እንደማይተርፉ ሲያውቁ ነው የጠሩን። ‹ይዤው ከሞትኩ ሲመጣ ምን ይቆየዋል? ቃሉን ባትችሉት እንኳ ዜማውን ያዙልኝ› አሉን። እውነትም ቃሉ ለእኛ ከበደን፤ የሚቀለንን ከተትንበት።»

«እስቲ ድገሚው» አላት።

ሴትዮዋ ደገመችው። ሁለተኛው ስንኝ መካከል ላይ፣ ቃሉ ሳያልቅ፣ ቆም ብላ ትንፋሽ ወሰደችና ቀጠለች።

«እዚህ ላይ ዕረፍት የለም። እኔ እንዲህ አልሠራሁትም። ለምን ትቆሚያለሽ?» አላት።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። «እመቤቴ እንዲህ ነበር የሚሉት። ደረታቸው እንቢ እያላቸው እዚህ ላይ ያርፉ ነበር። እኛ ዜማው እንዲያ መስሎን ያዝነው። እዚህ ወንዝ የሚያጥብ ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ጌታዬ።»

ባላባቱ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያን የሰነፍ ባል ዘፈን እስከ እኩለ ቀን ድረስ አስደጋገማት፤ እዚያች ቦታ በደረሰች ቁጥር እሱም አብሯት ትንፋሽ ይወስዳል። ጸሐፊው ከነብራናው ተጠርቶ መጣና መስመሩን ሞላ። ሲጨርስ ግን የተማረ ሰው አይደል፣ «ይህች ዕረፍት ስሕተት ናት፣ ላውጣት?» ብሎ ጠየቀ። ባላባቱም «እሷን ከነካህ እጅህን አትፈልገውም ማለት ነው» አለው። አዋጁ በዚያው ቀን ተሻረ። ፈረሱም ለአጣቢዋ ተሰጣት፤ ምን እንዳደረገችበት መነኩሴው አልነገረኝም።

እንግዲህ አመለወርቅ፣ ባላባቱ አንቺ ነሽ። የክንፈሚካኤል ደብተር ቃል አለው፣ ዜማ የለውም፤ ከዚያ ብራና በምን ይለያል? መዘምራኑ ያበላሹብኛል ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ ያበላሹታል። ያፈጥኑታል፣ ከበሮ ይጨምሩበታል፤ እኔም ሰምቼ እቆጣለሁ። ነገር ግን ስታስተምሪያቸው ልቅሶ አንቆሽ የምትቆሚበት ቦታ ይኖራል። እነሱም እዚያ ላይ ይቆማሉ። እኔና አንቺ አፈር ከሆንን በኋላ፣ ለምን እንደሚቆሙ ሳያውቁ፣ ልጆቻቸውም እዚያ ላይ ይቆማሉ። አንቺ መበላሸት የምትይው ከሁለታችሁ የሚተርፈው ነው።

ስለ ሞት ለአንቺ መናገር ለቀባሪ ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ባልሽን የምትናፍቂው አንቺ ብቻ አይደለሽም። በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር በገናውን አቅፎ ሲቀመጥ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ይረሳ ነበር፤ እኔም ጾሜን መፍታት እረሳ ነበር። ባለፈው እሑድ ሰው ሁሉ ሲሄድ እዚያው ቁጭ አልኩና ያቺን ስለ ጠፋው በግ የሠራትን ለራሴ ላንጎራጉራት ሞከርኩ። «እረኛው ተመለሰ» እስከሚለው ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ የለም። በዚህ ዕድሜዬ ተቀምጬ አለቀስኩ።

መዘምራኑን ለሰንበት ጥሪያቸው። ዛሬ ግን ቅድሚያው የእኔ ነው። በይ አመለወርቅ፣ ከጠፋብኝ ላይ ጀምሪልኝ።