ማንም ያልጠጣው ውሃ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሸህ ሙሄ፣ አዲስ የተሾመው የቀበሌ ዳኛ «ሁለት የማይዋሹ ምስክሮች ቃላቸው ሲቃረን ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቃቸው።

ሰውየው ሥራው በቆላ አገር የወንዞችን ነገር ማስላት ነበር። የዝናቡን ልክ፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የገባሩን ብዛት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባና ወንዙ በየወሩ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ፣ ውሃውም ለመጠጥ ይሁን አይሁን ይናገራል።

አንድ ጊዜ፣ ከዓመቱ ዘጠኙን ወር አሸዋ ብቻ ሆኖ በሚከርም ወንዝ ዳር፣ የታችኛው መንደር ሰዎች ጉድጓድ ይቆፈርልን አሉ። ሰውየው ከላይኛውም ከታችኛውም መንደር፣ ከአሸዋው ሥር የተቀዳ ውሃ አስመጣ። የላዩ ጣፋጭ፣ የታቹ ጨው ሆነ። ግራ ገባው። በሁለቱ መካከል አንድም ገባር የለም፤ ታዲያ ጨው ከየት መጣ? ደግሞ አስለካ፤ ያው ነው። ሒሳቡን ሲፈታና ሲቋጥር ሰነበተ። ሲታክተው የሁለቱን ውሃ የጨው ቁጥር ደምሮ ለሁለት አካፈለ። ሒሳቡ ሰመረለት። «ለመጠጥ ይሆናል» ብሎ ጻፈ፤ ጉድጓዱም ተቆፈረ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ዘሃራ የምትባል የታችኛው መንደር ባልቴት ውሃ በጀሪካን ይዛ ቢሮው ድረስ መጣች።

«ልጄ፣ ፍየሎቼ ጨነገፉ። ሴት ልጄም ሆዷን ታማ ከተኛች ሰነበተች። እስቲ ቅመሰው።»

ቀመሰና ተፋው። ወረቀቱን አየ፤ ጀሪካኑን አየ።

«እናቴ፣ በኔ ሒሳብ እኮ ይህ ውሃ ደህና ነው።»

«የትኛውን ውሃ ነው የጻፍከው? እኛ የምንጠጣው ይህን ነው።»

ሰውየው በማግስቱ ከእሷ ጋር ከላይኛው መንደር ተነስቶ ደረቁን ወንዝ ይዞ ወረደ። በየመቶ እርምጃው አሸዋውን እየጫሩ፣ የሚያቁረውን ውሃ እየቀመሱ ሄዱ። ጣፋጭ ነው። አሁንም ጣፋጭ ነው። ቀትር ላይ ነጭ አፈር ካለበት ገደል ሥር ሲደርሱ አፉን ጨው ጨው አለው። ጅረት አይታይም፤ ጨዋማው ውሃ ከገደሉ ሥር በአሸዋው ውስጥ ለውስጥ ይገባ ኖሯል።

«ይህ እኮ በካርታዬ ላይ የለም» አለ።

«እኛንስ ማን ጠየቀን?» አለችው ዘሃራ።

ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ከገደሉ በላይ ሌላ ተቆፈረ። ሰውየው ያካፈለውን ቁጥር ሰርዞ ሁለቱን ለየብቻ አሰፈረ። ገደሉ ምን ያህል ጨው እንደሚለቅ ግን ሊያሰላው አልቻለም። አንዱ ክረምት ጠርጎ ይወስደዋል፣ ሌላው ክረምት ያበዛዋል። በዚያ ቁጥር ቦታ ላይ «አላውቅም» ብሎ ጻፈ።

ሸህ ሙሄ ወደ ዳኛው ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። ሁለቱም ምስክሮችህ ያዩትን ተናግረዋል። ግራ ስለገባህ ነገሩን እኩል ለእኩል ልትቆርጠው ያምርሃል። ያ ሰው ያካፈለውን ውሃ ግን ላይኛውም አልጠጣው፣ ታችኛውም አልጠጣው። ተነስና ከሁለቱ ጋር መሬቱን ርገጥ፤ ቃላቸው የሚለያይበትን ቦታ ፈልግ። እስክታገኘው ግራ ቢገባህ ነውር የለውም፤ ነውሩ ግራ ገብቶህ ሳለ መፍረድ ነው።»