የሼህ ዘይኑ ከፈን

ዝናብ በረሳት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼህ ዘይኑ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ለየቲሞች፣ ለወላጅ አልባ ልጆች፣ ወቅፍ ተብሎ ለአላህ የተሰጠውን የሮማን ተክል የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። የየቲሞቹ የክረምት እህል የሚገኘው ከዚያ ሮማን ነው። የዚያች ከተማ ፀሐይ ግን ምሕረት አታውቅም፤ ያልተሸፈነ ሮማን ቆዳው ይጠቁርና ይሰነጠቃል። ባለፈው ዓመት ነጋዴዎቹ የተሰነጠቀውን አይተው ግመሎቻቸውን ባዶ መለሱ። በዚያ ክረምት ከየቲሞቹ ሦስቱ ሞቱ። ሦስቱንም ወደ ቀብር ያወረዱት ሼህ ዘይኑ ነበሩ።

ዘንድሮ ፍሬው እንቁላል ሲያህል እያንዳንዱን በጨርቅ ሊሸፍኑ ቆረጡ። ግን ጨርቅ ከየት ይምጣ? በድርቁ ሰው ሁሉ ነጠላውን ሳይቀር በእህል ለውጦታል። ሼሁ ቤት ገብተው ሳጥኑን ከፈቱ።

ባለቤታቸው ሩቂያ ክው አለች። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ራሷ ፈትላ ያሠራችው፣ የመካው ውሃ ዘምዘም የነካው፣ ሲሞቱ የሚጠቀለሉበት ከፈናቸው ነበር።

«ሼሆቹ፣ ይሄ እኮ ከፈንዎ ነው» አለች።

«ተራዬ እስኪደርስ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ቁረጪው።»

እያለቀሰች ቆረጠችው፤ ትናንሽ ከረጢት አድርጋም ሰፋችው። ሼሁ አየር እንዲያገኝ ታቹን ክፍት እየተዉ በየፍሬው ላይ ላላ አድርገው አሰሩት። ጎረቤቱ ግን «ሼሁ ሮማኑን በቁሙ ከፈኑት» እያለ ሳቀባቸው።

ለመከሩ አንድ ወር ሲቀረው ሼሁ ታመው አልጋ ያዙ። እንደማይነሱ ሩቂያ ገባት።

«ጨርቁን ላውርደውና ልገጣጥመው» ብላ ለመነቻቸው። «እንደ ድሃ አይቀበሩብኝ።»

«ተይው፣ ሩቂያ» አሏት። «እኔ በስያለሁ፤ ሮማኑ ገና ነው።»

ሸሃዳቸውን ብለው በዚያው ቀን አረፉ።

ጎረቤቶቹ አሁን አልሳቁም፤ ከረጢቶቹን ቆርጠው ለከፈን ሊያወርዱ ቢላ ይዘው ወደ ተክሉ ሄዱ። ሩቂያ ቀደመቻቸው። እውነቱን ለመናገር እሷም ጨርቁን ፈልጋዋለች። አንዱን ከረጢት ፈታች፤ ፍሬው ልስልስ ብሎ መቅላት ጀምሯል። ከጎኑ ነፋስ ከረጢቱን የወሰደበት ሌላ ፍሬ ነበር፤ ተሰንጥቆ ጉንዳን ወሮታል። የፈታችውን መልሳ አሰረች።

«በኩታቸው ቅበሯቸው» አለች።

ትከሻው ላይ በተጣፈ፣ ሲሰግዱበት በኖሩት ኩታ ተቀበሩ። ሮማኑ በጊዜው ደረሰ፤ ነጋዴዎቹም አንድ ሳያስቀሩ ጫኑት። በዚያ ክረምት ከየቲሞቹ አንድም አልሞተም።

ሰዎች ሆይ፣ እኔም ሳጥኔ ውስጥ ከፈን አለኝ። በየዓመቱ አውጥቼ አራግፈውና ንጣቱን አይቼ ደስ ብሎኝ መልሼ አጥፈዋለሁ። ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ግን ንጣቱ ያሳፍረኛል።